ፔዳሉን ርገጥ! ገጠሩ ከአቃቂ ድልድይ ማዶ ነው

ቅዳሜ ጠዋት ምን ስትሠራ ትውላለህ? እውነቱን ንገረኝ። አልጋህ ላይ ተጋድመህ የሰው ጉዞ በቲክቶክ ታያለህ አይደል? አንዱ ሆላንድ ውስጥ ሳይክል ይነዳል፣ ሌላው ቬትናም። አንተ ላይክ ታደርጋለህ።

በቃ! ተነስ።

ቤትህ ቃሊቲ ነው? ቱሉ ዲምቱ? ገላን? እንግዲያው ዕድለኛ ነህ። የፒያሳ ልጅ ገጠር ለማየት መኪና መለመን አለበት። አንተ ግን ትንሽ ፔዳል ከረገጥክ የጤፍና የሽምብራ ማሳ መሃል ነህ።

«ኧረ ተወኝ፣ አቃቂ እኮ አቧራና ሲኖትራክ ነው» አልክ?

ልክ ነህ። አቧራውም አለ፣ ሲኖትራኩም አለ። ድልድዩ ላይ ስትደርስ የወንዙን ሽታም አልደብቅህም። ከተማው ፍሳሹን ሁሉ ለትልቁና ለትንሹ አቃቂ አሸክሞ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ያሳፍራል፣ አንድ ቀን እናስተካክለዋለን ብዬም አምናለሁ። አንተ ግን ዛሬ የወጣኸው ድልድይ ላይ ለመቆም አይደለም። እለፈው!

የመጀመሪያ ግብህ አባ ሳሙኤል ይሁን። ሁለቱ አቃቂዎች ከተማዋን አቋርጠው የሚገናኙት እዚያ ሐይቅ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አስፋልቱን ለቀህ ፒስታው ላይ ስትገባ ጆሮህ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ጥሩምባ የለም። ረዳት «ሳሪስ! ስታዲየም!» እያለ አይጮህም። የሚሰማህ የራስህ ካቴናና ከጎማህ ሥር የሚንኳኳው ጠጠር ነው። አህያ የሚነዱ እናት ከፊትህ ከመጡ ፍጥነትህን ቀንስ፣ በኦሮምኛ «አካም» በል። አንዲት ቃል ናት፤ መንገዱን ሁሉ የምትከፍትልህ ግን እሷ ናት።

ከጥቅምት በኋላ ከሄድክ ደግሞ ሌላ ትርዒት አለልህ። ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች የሰሜኑን ዓለም ብርድ ሸሽተው መጥተው በታጨደ ማሳ ላይ ጥሬ ሲለቅሙ ታያለህ። እነሱ አህጉር አቋርጠው አቃቂ ደረሱ። አንተስ ከሳሎንህ ተነስተህ አቃቂ መድረስ አቃተህ?

ግድቡን ስታይ ደግሞ ይህን አስብ። አባ ሳሙኤል ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ሥራ አቁሞ ለአሥርት ዓመታት ተረስቶ ነበር። በኋላ ታደሰና እ.ኤ.አ. በ2016 ዳግም ማመንጨት ጀመረ፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ያ የተረሳ ማመንጫ ተነስቶ መብራት ከሰጠ፣ በረንዳህ ላይ አቧራ ለብሳ የቆመችው ብስክሌት ምን ሰበብ አላት?

«ጉልበት የለኝም» እንዳትለኝ። ጉልበት ተይዞ አይወጣም፤ መንገድ ላይ ነው የሚገኘው። በዚያ ላይ መልክዓ ምድሩ ያንተ ወገን ነው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በየት በኩል መጣ? በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በዱከም፣ በአቃቂ! ለምን? ባቡር ዳገት አይወድም። መሐንዲሶቹ ለስለስ ያለውን መሬት ፈልገው ሐዲድ ዘረጉበት። ለባቡር የሚመች ተዳፋት ለጀማሪ ጉልበትም ይመቻል። ፈረንጆቹም ይህን ያውቃሉ። በዳኑብ ወንዝ ዳር ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው የብስክሌት መንገድ በዓለም የታወቀው ያው ወንዝ ተከትሎ ለስለስ ባለ መሬት ስለሚሄድ ነው። አያት ከልጅ ልጁ ጋር ይነዳበታል።

ሁለተኛው ግብህ ቢሾፍቱ ነው። ከአቃቂ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣን መንገዱን እርሳው፤ ብስክሌት አይፈቀድበትም። አሮጌው የቢሾፍቱ መንገድ ላይ ደግሞ የከባድ መኪና መዓት ስላለ በማለዳ ውጣ፣ ጠርዝህን ያዝ፣ ደማቅ ልብስ ልበስ፣ ሄልሜትህን እሰር። በዚህ ላይ ጀግንነት የለም።

እዚህ ላይ ግን ልብ በል። ብዙ ጀማሪ የሚሸነፈው እዚህ ነው።

አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናት፣ ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር። ይህ ምን ማለት ነው? ስትሄድ መሬቱ ራሱ ይሸከምሃል። ደስ ይልሃል። «እኔ ለካ ጎበዝ ነኝ!» ትላለህ። ሆራ ሐይቅ ዳር ተቀምጠህ ሰልፊ ትነሳለህ። ከዚያስ? መመለሻው ሁሉ ወደ ላይ ነው፤ ፀሐዩም አናትህ ላይ ወጥቷል። ያኔ ብስክሌቱን አይሱዙ ጣሪያ ላይ አስጭኖ የሚመለሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ ጉልበትህን ሦስት ቦታ ክፈለው። አንዱን ለመሄጃ። አንዱን ለመመለሻ። ሦስተኛውን ላላሰብከው ነገር፤ ለተበሳ ጎማ፣ ለተሳሳተ መታጠፊያ። ቁልቁለቱ ላይ ራስህን ግታ፣ ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንስ፣ በእግርህ መግፋት ካስፈለገህም ውረድና ግፋ። ማን አየህ? ቢያይህስ?

ሥራህም እንዲሁ አይደል? በጀመርክ ሰሞን ሁሉ ቁልቁለት ነው። የቋንቋ ኮርሱ፣ ጂሙ፣ አዲሱ ቢዝነስ። ሰው የሚለየው መመለሻው ላይ ነው።

«ብስክሌት የለኝም» ነው ቀጣዩ ሰበብ? ተከራይ! በየሰፈሩ ልጆች በሰዓት የሚከራዩትን ሳይክል አንተም ተከራይተህ አድገሃል። ከጓደኛህ ተዋስ። አሮጌ ገዝተህ አሠራ። የውድ ብስክሌት ሕልም ስንቱን ሰው ቤት አስቀምጦታል! እንግሊዝ የተወለደው ቶማስ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1886 ዓለምን የዞረው ማርሽ በሌለው፣ የፊት ጎማው ግዙፍ በሆነ ብስክሌት ነው። አንተ ሃያ አንድ ማርሽ ይዘህ ምን ትጠብቃለህ?

ይልቅ ከመውጣትህ በፊት እነዚህን አትርሳ። ፍሬንህን ሞክር። ካቴናህን ዘይት ቀባ። መለዋወጫ የውስጥ ጎማና ትንሽ ፓምፕ ያዝ፤ ዋናው መንገድ ላይ ጎሚስታ ሞልቷል፣ ማሳ መሃል ግን አንተው ነህ ጎሚስታው። አንድ ላስቲክ ቆሎና የተበጠበጠ በሶ ያዝ፤ ከየትኛውም ኢነርጂ ድሪንክ ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ። ውሃ በገፍ ያዝ፤ የአቃቂን ውሃ ግን ፊትህን እንኳ እንዳትታጠብበት። ውሻ ከተነሳብህ ውረድ፣ ብስክሌቱን በአንተና በውሻው መሃል አድርገህ ቀስ ብለህ ሂድ። የምትሄድበት አካባቢ ሰላም መሆኑንም ሁልጊዜ አስቀድመህ ጠይቅ። ክረምት ላይ ደግሞ መረሬውን አትዳፈረው። ያ ጥቁር ጭቃ ጎማና ፓራፋንጎ መሃል ገብቶ ከተጣበቀ ብስክሌቱ አንተን መሸከሙ ይቀርና አንተ ትሸከመዋለህ።

አንቺስ እህቴ? «ሴት ልጅና ሳይክል» የሚል ሰው ሰፈርሽ ውስጥ አለ? ይበል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ሴቶች በብስክሌት ሥራና ትምህርት ቤት ሲሄዱ ዞሮ የሚያይ የለም። ጓደኛሽን ጥሪ፣ ሁለት ሁኑ፣ ሦስት ሁኑ። መጀመሪያ ያዩሻል፣ ቀጥሎ ይለምዱሻል፣ ከዚያ «ለልጄም አስተምሪልኝ» ይሉሻል።

ደግሞ ብስክሌት የሰው አገር ነገር አይምሰልህ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በሄደችበት በ1949 ዓ.ም፣ ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቻችን ጎን ብስክሌተኞች ተሰልፈው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እግሩ ያው እንዳንተ እግር ሁለት ነው።

እሺ፣ ቢሾፍቱን ለመድክ እንበል። ከዚያስ?

ዝቋላ አለልህ! ከአቃቂ ሜዳ ላይ ሆነህ በስተደቡብ የምታየው ያ ብቸኛ ተራራ። አናቱ ላይ ሐይቅና የአቦ ገዳም አለ፣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ለመጋቢት አቦ ሽማግሌና አሮጊት በእግራቸው ይወጡታል። አንተ ጎማ አለህ። ወይም በቡታጅራ መንገድ ወደ መልካ ቁንጡሬ ውረድ፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዋሽ ዳር ከ700,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሕፃናት የእግር ዱካ የተገኘበት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ስፍራ ነው። አንድ ቀን ደግሞ፣ ጉልበትህ ሲጠና፣ አባይ በረሃ ይጠብቅሃል፤ ከጎሃ ጽዮን ወርደህ ደጀን መውጣት። ከካይሮ ኬፕታውን የሚነዱ ብስክሌተኞች በተለያዩ ዓመታት ያን በረሃ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን፣ ተሻግረውታል። አሁን ግን አትቸኩል። እሱ የትም አይሄድም።

አሁን የሚያስፈልግህ ሞቲቬሽን አይደለም። ሞቲቬሽን ሰኞ መጥቶ ረቡዕ ይጠፋል። የሚያስፈልግህ ቀንና ሰዓት ነው። ሰዓት ቁረጥ! ለአንድ ሰው ንገር፣ እንዳታፍር። የመጀመሪያው ቅዳሜ መቀመጫህን ያምሃል። ሁለተኛው ጉልበትህን። ከዚያ በኋላ ሰውነትህ ራሱ ቅዳሜን መጠየቅ ይጀምራል። ልማድ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

እንግዲህ ዓርብ ማታ ጎማህን ንፋ። በሶህን በጥብጥ። ስልክህን ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ተኛ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አቃቂ ድልድይን እለፍ፤ እሑድ ደግሞ ጎረቤትህን ይዘኸው ውጣ።