ፒክ ኤንድ ፕሌስ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ከተግባረ እድ ኮሌጅ እስከ ልደታ፣ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ወጣት አይጠፋም። እርስዎም ከእነዚህ አንዱ ሆነው ኮምፖነንት በወረንጦ እያነሱ ቦርድ ላይ መደርደር ከሰለቸዎት፣ ይህንን ሥራ በራሱ የሚሠራውን ፒክ ኤንድ ፕሌስ ማሽን ቢመኙ አያስገርምም። ሻጩ ግን የሚነግርዎ የማሽኑን ዋጋ ነው፤ ኪስዎን የሚያራቁተው በማሽኑ ዙሪያ ያለው ወጪ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ ይመርምሩ።

ሳይገዙ የሚጠየቁ

• በእርግጥ ያስፈልግዎታል? በወር ስንት ቦርድ፣ በስንት ዓይነት ይሠራሉ? 120 ኮምፖነንት ያለው 20 ቦርድ 2,400 ኮምፖነንት ይሆናል። በሰዓት 3,000 የሚያስቀምጥ ማሽን ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሰዋል፤ ኮምፖነንት የተጠቀለለባቸውን 30 ሪሎች መጫንና ፕሮግራም ማስተካከል ግን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።
ልብ ይበሉ፦ የቦርድ ዓይነት ቶሎ ቶሎ የሚቀያይሩ ከሆነ ከፍጥነቱ ይልቅ የመቀያየሪያውን ጊዜ ይጠይቁ።

• የተጻፈው ፍጥነት በምን ሁኔታ ተለካ? ካሜራው እያንዳንዱን ኮምፖነንት ሲያይ ማሽኑ ይዘገያል።
ልብ ይበሉ፦ የራስዎን ቦርድ ልከው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ይጠይቁ። 0402 የተባለው ኮምፖነንት 1 በ0.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከቦርድዎ ላይ ትንሹን ለይተው ያሳዩዋቸው።

• ዋጋው ስንት ፊደር (የኮምፖነንቱን ቴፕ ለማሽኑ የሚያቀርብ ክፍል) ይጨምራል? 40 ዓይነት ኮምፖነንት ካለዎት 40 የፊደር ቦታ ያስፈልግዎታል፤ ሰፋፊ ቴፖች ደግሞ ከአንድ በላይ ቦታ ይይዛሉ።
ልብ ይበሉ፦ ፊደር ብዙ ጊዜ ለብቻው ይሸጣል። በአሮጌ ማሽን ላይ የፊደሮቹ ድምር ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

• ያገለገለ ከሆነ መለዋወጫውን ማን ያቀርባል? ሳምሰንግ የሚል ስም ያለበትን ማሽን የመሥራቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ሀንዋ ተዛውሯል፤ የሲመንስ የቦርድ ማሽን ክፍልም እ.ኤ.አ. በ2011 የኤኤስኤም ሆኗል።
ልብ ይበሉ፦ ኮምፒውተሩ፣ ሶፍትዌሩና የይለፍ ቃሉ አብረው መምጣታቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ያረጀ ሃርድ ዲስክ ከተበላሸ ማሽኑ ባዶ ብረት ነው።

• የአዲስ አበባን ከፍታ ያውቃሉ? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይልቃል። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የማሽኑ ማንሻ ጫፍ፣ ኖዝሉ፣ ደግሞ ኮምፖነንቱን የሚይዘው በዚሁ ግፊት ነው። ኮምፕሬሰሩም የሚያመርተው አየር ይቀንሳል።
ልብ ይበሉ፦ ብዙ የፋብሪካ ማሽን የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ማሽኑ በዚህ ከፍታ ከባድ ቺፕ ሳይጥል ማንሳቱን ይጠይቁ፤ ኮምፕሬሰሩንም አንድ መጠን ተለቅ ያለ ይግዙ።

የሚደበቁ ወጪዎች

• ማሽኑ ብቻውን ይሠራል? አይሠራም። ከሱ በፊት ስቴንስልና ሶልደር ፔስት፣ ከሱ በኋላ ሪፍሎው ኦቨን ያስፈልጋል።
ልብ ይበሉ፦ አብዛኛው የቦርድ ጉድለት የሚመጣው ከፔስት ቅቡ ነው። ለደህና የፔስት ማተሚያ የሚሆን ገንዘብ ሳያስቀሩ በጀቱን በማሽኑ ላይ አይጨርሱት።

• ፔስቱ በየት በኩል ይመጣል? ብዙው ፔስት ከ2 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዕድሜውም ስድስት ወር ያህል ነው።
ልብ ይበሉ፦ በጂቡቲ ሙቀት በኮንቴይነር ቆይቶ የመጣ ፔስት ሊበላሽ ይችላል። በአውሮፕላን ያስመጡት፤ ቀኑንም ሳያዩ አይክፈሉ።

• ወጪው በብር ስንት ይደርሳል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ።
ልብ ይበሉ፦ ፕሮፎርማውን ይዘው ትራንዚተር ዘንድ ይሂዱ። ቀረጡን፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ ትራንስፖርቱንና የመጋዘን ኪራዩን ደምረው ነው የሚወስኑት።

• ሕንጻው ይችለዋል? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆኑ፣ ማሽኑ በሊፍቱ ወይም በደረጃው ያልፋል? ወለሉ ይሸከማል? ትሪ ፌዝ ኃይል አለ? ኮምፕሬሰሩ ሲጮኽ አከራዩ ምን ይላል?
ልብ ይበሉ፦ የሕንጻው ጠባቂ የነገረዎትን አይመኑ፤ በሮቹን በሜትር ይለኩ።

ከገዙ በኋላ

• መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ቦርዱን የሚያሳልፈው የኦቨኑ ሰንሰለት ከቆመ ውስጡ ያለው ቦርድ በሙቀቱ ሊቃጠል ይችላል።
ልብ ይበሉ፦ ቢያንስ ለኮምፒውተሩና ለሰንሰለቱ ሞተር ዩፒኤስ ያዘጋጁ፤ ለኃይል መዋዠቁም ስታቢላይዘር።

• ማሽኑን የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው? አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ሲሄድ ማሽኑም አብሮ ይቆማል።
ልብ ይበሉ፦ ሁለት ሰው ያሠልጥኑ። ከተግባረ እድ ለልምምድ የሚመጣ ተማሪ ቢቀበሉ ሁለተኛውን ባለሙያ እያፈሩ ነው። ኖዝል ማጽዳት፣ የቫኩም ፊልተር መቀየርና ፊደር ማስተካከል በቀን መዝገብ ይያዙ።

• እርጥበት የሚጎዳቸው ቺፖች የት ይቀመጣሉ? ደረጃ 3 የሚባሉት ማሸጊያቸው ከተከፈተ በኋላ የሚቆዩት 168 ሰዓት ነው።
ልብ ይበሉ፦ በክረምት ከረጢቱን ከፍተው አይተዉ፤ ማድረቂያ አድርገው መልሰው ያሽጉ።

ክፍያው ብዙ ጊዜ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ስለሚፈጸም፣ ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ ቅሬታዎን የሚሰማ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ገና ሻጩ ዘንድ እያለ የራስዎ ቦርድ በራስዎ ኮምፖነንት ሲሠራ ሳያዩ ቀሪውን ገንዘብ አይልቀቁ። ሻጩ ይህንን ከተቃወመ፣ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።