ከቅርንፉድ ደሴት ምን ይዞ መመለስ ይሻላል?

ቅርንፉድ የማይገባበት ማጀት ጥቂት ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ ይጨመራል፤ ሻይ ሲፈላ አንድ ሁለቱ ጣል ይደረግበታል፤ ጥርሱን ያመመው ሰውም ይነክሰዋል። ታዲያ ይህ ቅመም የምን ተክል ነው? የትስ ይበቅላል? ብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን «ከሱቅ ነዋ የምንገዛው!» ከማለት አናልፍም።

ቅርንፉድ ፍሬ አይደለም። ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። ዛፉ ሙቀትና ዝናብ በማይለየው አገር ይበቅላል። የጥንት አገሩ በኢንዶኔዥያ የሚገኙት የሞሉካ ደሴቶች ናቸው። ዛሬም ከሁሉ ይበልጥ ቅርንፉድ የሚያመርተው ኢንዶኔዥያ ነው። ይሁን እንጂ በቅርንፉድ ስሙ የገነነ አንድ የአፍሪካ ደሴት አለ፤ ዛንዚባር ይባላል።

ዛንዚባር የታንዛኒያ ክፍል ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ትልልቅ ደሴቶች አሉት፤ ኡንጉጃና ፔምባ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተነሣ ሰው በጥቂት ሰዓት ይደርስበታል። ለንግድ የሚሄድ አለ፤ ለስብሰባ የሚሄድ አለ፤ ለሽርሽር የሚሄድም አለ። ከእናንተ መንደር የሄደ ባይኖር እንኳ ከተማ ያለ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ አንድ ቀን ሊሄድ ይችላል።

አገር አይቶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ቤት አይገባም። አባት ከገበያ ሲመለስ ለልጆቹ ሸንኮራም ቢሆን ይይዛል። የዛንዚባር ሰዎችም እንደዚሁ ናቸው። ስጦታን በቋንቋቸው በስዋሂሊ «ዛዋዲ» ይሉታል። ከዛዋዲ ሁሉ ደግሞ የሚበላው ይሻላል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይቀምሰዋል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል። ግን ምን ዓይነቱ ይምጣ? ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ዕቃ በከንቱ ገንዘብ ያስወጣል። አንዳንዱ መንገድ ላይ ይበላሻል። አንዳንዱ ደግሞ፣ ቆይተን እንደምናየው፣ የአገር ተክል ይጎዳል።

እስቲ በመጀመሪያ ከቅርንፉዱ እንነሣ። የቅርንፉድ ዛፍ ከተተከለ በኋላ ምርት እስኪሰጥ 6 ወይም 7 ዓመት ይፈጃል። እምቡጡ ከአረንጓዴነት ወደ ቀይነት ማዘንበል ሲጀምር፣ አበባው ሳይፈነዳ መለቀም አለበት። ከፈነዳ ዋጋ የለውም። ለቃሚው ዛፉ ላይ ወጥቶ ዘለላውን በእጁ ይቀነጥሳል። ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ የሚወድቅና የሚጎዳ አለ። ከዚያ እምቡጡ ከአገዳው እየተለየ በሰሌን ላይ ይሰጣል። ጥቂት ቀን ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል፤ ክብደቱም ከ3 እጅ 2 እጁን ያህል ይቀንሳል። ዝናብ ከመጣ ሩጫ ነው። እህሉን አውድማ ላይ ዘርግቶ ደመና ያየ ገበሬ ይህን ያውቀዋል።

የቅርንፉድ ችግኝ ዛንዚባር የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ መናገሻውን ወደ ዛንዚባር ካዛወረ በኋላ እርሻው በጣም ተስፋፋ። ተካዩና ለቃሚው ግን ማን ነበር? ከአፍሪካ ምድር ተይዞ በባሪያነት የተሸጠ ሰው ነበር። የደሴቲቱ የባሪያ ገበያ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲሆን፣ ባርነቱ ራሱ በሕግ የቀረው በ1897 ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ታላቅ ማዕበልና ነፋስ ተነሥቶ የኡንጉጃን የቅርንፉድ ዛፍ አብዛኛውን ጣለው። ፔምባ ግን ጉዳቱ ቀለል አለላት። ከዚያ ወዲህ ዋናው የቅርንፉድ ምርት የሚገኘው ከፔምባ ነው። ከአንድ ዘለላ ኋላ ይህን ያህል ታሪክ አለ።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። በዛንዚባር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1904 የተሠራ ዳራጃኒ የሚባል ትልቅ ገበያ አለ። ዓሣው፣ ፍራፍሬው፣ ቅመሙ እዚያ ይሸጣል። ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ሻጩ «ቅመሱ! አሽትቱ!» እያለ ይለማመጣል። እንግዳ ሰው ሁሉም ጥሩ ይመስለዋል፤ በዚህ ጊዜ ነው ዓይንን መግለጥ።

ጥሩ ቅርንፉድ ራሱና እግሩ ያልተለያየ፣ ሞላ ያለ ነው። በጥፍር ሲጫኑት ዘይት ብቅ ይላል። ሌላም መፈተኛ አለ። ጥቂት እምቡጥ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉ። ዘይቱ ያለው ይሰምጣል፤ ወይም ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዘይቱ ተጣርቶ የወጣለት ግን ውኃው ላይ ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል። ይህ ዓይነቱ ቅርንፉድ ገለባ ነው። የተፈጨውን ከመግዛት ደግሞ መተው ይሻላል። ዱቄት ሽታው ቶሎ ይጠፋል፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። በርበሬ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ የተሸጠለት ሰው ይህን አይረሳውም።

ቀጥሎ ቀረፋ ነው። ቀረፋ የዛፍ ልጥ ነው። ከለጋው ቅርንጫፍ ተልጦ ሲደርቅ በራሱ ይጠቀለላል። በገበያ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። አንደኛው ስስ ነው፤ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ብዙ ድርብ አለው፤ በጣት ሲሰብሩት ይፈረካከሳል፤ ሽታው ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ወፍራምና ጠንካራ ሲሆን፣ ድርብ የሌለው አንድ ልጥ ነው። ስሱ ይበልጣል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ወፍራሙን በስሱ ዋጋ እንዳትገዙ።

ገውዝም አለ። ዛፉ ኮክ የመሰለ ቢጫ ፍሬ ያፈራል። ፍሬው ሲበስል ለሁለት ይሰነጠቃል። ውስጡ ጥቁር ዘር አለ፤ ዘሩ ላይ ደግሞ እንደ መረብ የተጠመጠመ ደማቅ ቀይ ልባስ አለ። ልባሱም ዘሩም ቅመም ናቸው። ይህን አይቶ የማይደነቅ የለም፤ እኔ ከደሴቲቱ ቅመም ሁሉ ውበቱን የምሰጠው ለገውዝ ነው። ሙሉውን ገዝቶ በሚፈለግበት ጊዜ ትንሽ ፈቅፍቆ መጨመር ነው። ትንሽ ስንል ትንሽ ነው። አንድ ሙሉ ገውዝ ፈጭቶ የበላ ሰው ያስመልሰዋል፤ አእምሮውም ሊረበሽ ይችላል። ስለዚህ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ስለ ዛፍራን አንድ ነገር እንበል። ዛፍራን ከአንድ ትንሽ አበባ ውስጥ በእጅ የሚለቀም ቀይ ክር ነው። ከቅመሞች ሁሉ ውድ ነው። የሚበቅለውም እንደ ኢራንና ካሽሚር ባለ፣ ክረምቱ በሚበርድ አገር ነው። ሆኖም በዛንዚባር ገበያ «የደሴታችን ዛፍራን» እያለ የሚሸጥ አይጠፋም። ይህ ወይ የሱፍ አበባ ነው፤ ወይ እርድ ነው። ሱፍማ እኛ ቤት ሞልቶ! በጾም ቀን ፍትፍት የምንፈተፍትበትን ሱፍ አበባውን በባሕር ማዶ ዋጋ ገዝቶ የመጣ ሰው ምን ይባላል?

በዚሁ ነገር ላይ እንዳለን፣ አገራችን ያለውን ከዚያ ተሸክሞ መምጣት አያስፈልግም። ቁንዶ በርበሬ በቴፒና በበበቃ ይበቅላል። እርድና ዝንጅብል ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለገበያ ይወጣሉ። ኮረሪማማ የራሳችን ነው። እንዲያውም ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለሚያስተናግደው ቤተሰብ አንድ ዘለላ ኮረሪማ ቢወስድ መልካም ዛዋዲ ይሆንለታል፤ የደረቀ ስለሆነም አያስቸግረውም።

ልጆች ከቅመም ይልቅ ጣፋጭ ይወዳሉ። ዛንዚባሮች ሐላዋ ይሠራሉ። ስኳሩን ከነጭ ዱቄትና ከቅባት ጋር በትልቅ ድስት ሲያማስሉ ቆይተው ሄልና ሌላም ቅመም ይጨምሩበታል። ሐረርና ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። ሐላዋ መንገድ ይችላል። ለጿሚ ቤተሰብ ከሆነ ግን ቅቤ ይኑረው አይኑረው ጠይቁ። ሌላው «ኡቡዩ» የሚባለው ነው። ኡቡዩ የባኦባብ ፍሬ ነው። ዘሩ ከነነጭ ሥጋው በስኳር፣ በቅመምና በቀይ ቀለም ይለወሳል። ባኦባብ ግንዱ እንደ ጎተራ የሚወፍር የቆላ ዛፍ ሲሆን፣ በተከዜ ሸለቆም ይገኛል። ኡቡዩ ይመጠጣል፤ ዘሩ ይተፋል። ታዲያ የልጆቹ አፍ ቀይ ሆኖ ሲታይ አትደንግጡ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ደረቅና ስለ ተዘጋጀ ነገር ነው። ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑስ? ያ ሁሉ የሚያምር ፍሬ እያለ ቅመም ብቻ ይዞ መምጣት አያሳዝንም? ያሳዝናል። ግን እሸት ፍራፍሬ ይዛችሁ አትምጡ። ምክንያቱ መበስበሱ ብቻ አይደለም።

የፍራፍሬ ዝንብ የምትባል ነፍሳት አለች። እንደ ቤት ዝንብ ቆሻሻ ላይ የምታርፍ አይደለችም። ሴቷ ዝንብ በጅራቷ በኩል እንደ መርፌ ያለ ነገር አላት። በዚያ የፍሬውን ቆዳ ትወጋና እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች። የወጋችበት ቦታ እንደ ነጥብ ነው፤ ላያስተውሉት ይችላሉ። ፍሬው ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሻጩም ያታለላችሁ አይደለም፤ እሱም አላየውም። በጥቂት ቀን ውስጥ ትሎች ይፈለፈሉና ሥጋውን ይበላሉ። ቤት ደርሳችሁ ፍሬውን ስትቆርጡት ትል ታገኛላችሁ። ያን ጊዜ ምን ታደርጋላችሁ? «ኤጭ!» ብላችሁ ጓሮ ትጥሉታላችሁ። ትሎቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ከበሰበሰው ፍሬ ወጥተው አፈር ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ከረሙና ክንፍ አውጥተው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የማን ጓሮ ማንጎ እንደሚወጉ ማን ያውቃል?

ይህ ተረት አይደለም። ከነዚህ ዝንቦች አንዱ ዓይነት የኖረው በእስያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ ጠረፍ አካባቢ ታየ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙውን የአፍሪካ አገር አዳረሰ፤ ወደ ኢትዮጵያም ገባ። ማንጎና ዘይቱን ያለው ገበሬ ፍሬው ሳይበስል እየረገፈ ሲያስቸግረው ከኖረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። አውሮፕላን ጥቂት ሰዓት በሚፈጅበት ዘመን ዝንብ በክንፏ አገር መሻገር አያስፈልጋትም፤ በሰው ሻንጣ ትሻገራለች።

ችግኝ፣ ዘርና አፈርም እንደዚሁ ነው። «ቅርንፉድ በደጄ ልትከል» ብሎ ችግኝ በቦርሳ ደብቆ የሚያመጣ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ቅጠሉ ላይ የተጣበቀውን፣ ሥሩ ውስጥ የተደበቀውን አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የማንጎ ቅጠል ላይ ነጭ ሆኖ የሚጣበቅ ተባይ ታየ። ቀድሞ በአገራችን የማይታወቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቶ የብዙ ገበሬ ማንጎ ጎድቷል። ተክል ወደ አገር የሚገባው በፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ይዞ ነው። በአውሮፕላን ጣቢያ የሚፈትሹት ሠራተኞች ማንጎ ሲቀሙ የሚቆጣ መንገደኛ አለ። ማንጎውን ሊበሉበት ይመስለዋል።

እዚያ ሳላችሁ ግን ፍሬውን እስክትጠግቡ ብሉ። ከዚያ የሚከለክል የለም።

ለመንገድ ሲሆን ቅመሙን በደረቅ ጨርቅ ወይም በወፍራም ወረቀት ጠቅልሉ። ቅርንፉድ ከሌላው ተለይቶ ይታሰር፤ ካልሆነ ሽታው ሐላዋውንም ልብሱንም ይወርሳል። ዘይት ከገዛችሁ ጠርሙሱ በልብስ መካከል ይግባ። የቅርንፉድ ዘይት ኃይለኛ ነው፤ ድድ ያቃጥላል፤ ለሕፃን አይሰጥም። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ቅመሙን በእሳት አጠገብ ወይም መስኮት ላይ አታስቀምጡት፤ ሙቀትና ብርሃን ሽታውን ይወስዱታል። ክዳኑ የሚገጥም ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ጨለም ካለ ቦታ አኑሩት። ጠርሙሱም ላይ ወረቀት ለጥፉና የቅመሙን ስምና የገዛችሁበትን ወር ጻፉበት። አሁን መጻፍ እናውቅ የለም እንዴ! ሙሉ ቅርንፉድና ሙሉ ገውዝ እንዲህ ከተቀመጡ ከዓመት በላይ ይቆያሉ። ለጎረቤት የሚሰጠውን ግን ዛሬውኑ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ከፋፍሎ ማደል ነው።