ስፌት የመሰለ ገበቴ

ገበቴን የማያውቅ የለም። ስፌትንም የማያውቅ የለም። ታዲያ ከእንጨት ተሠርቶ፣ ሲያዩት ግን ስፌት የሚመስል ዕቃ አይታችኋል? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

በአሜሪካ ሊንከን ሳይትስማን የሚባል እንጨት ሠራተኛ የአገሩን ነባር ሕዝቦች ቅርጫት አይቶ ያንኑ መልክ በእንጨት ሠራ። ዕቃው ከሩቅ ሲያዩት የተሰፋ ይመስላል፤ ሲነኩት እንጨት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሁለቱም ሙያ አለ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜም እንጨቱ ዋንዛ ነው። ዋንዛ በቴፒና በሚዛን ተፈሪ የቡና አገር ለቡናው ጥላ ሆኖ ይቆማል። ስፌቱም በየቤቱ አለ። የቀረን ጠራቢውንና ሰፊዋን ማገናኘት ነው።

መጀመሪያ ስለ ማድረቅ ልንገራችሁ። እኔ ለማስተማር የመጣሁ ተማሪ ነኝ። ቴፒ አጠገብ አንድ ጠራቢ አባት ገበቴ ፈለፈሉ። እንጨቱ ገና እርጥብ ነበር። እኔ ግን ቸኮልኩና «አባባ፣ እሳት ዳር እናድርገው፣ ቶሎ ይደርቃል» አልኳቸው። እንግዳ ላለማሳፈር ዝም አሉ። በማግሥቱ ገበቴው ከአፉ እስከ መቀመጫው ተሰንጥቆ ተገኘ። «ልጄ፣ ዛፉ ሃያ ዓመት ቆሞ ነበር። አንተ አንድ ሌሊት መታገሥ አቃተህ?» አሉኝ። አፈርኩ።

እርጥብ እንጨት ለምን ይሰነጠቃል? ውጭው ቶሎ ይደርቅና ይኮማተራል። ውስጡ ግን ገና እርጥብ ስለሆነ አይኮማተርም። ስለዚህ ውጭው ይቀደዳል። መድኃኒቱ እንዲህ ነው፦

1. ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበቴ ውፍረቱ በሁሉም በኩል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን።
2. ግንዱ የተቆረጠበትን ፊት ሰም ቀቡት። ሰም በዚህ አገር አይጠፋም።
3. ፀሐይና እሳት በማይደርስበት ጥላ ለወራት አስቀምጡት።
4. ሲደርቅ ስለሚጣመም እንደገና ክቡን አስተካክሉ፣ አሳሱትም።

ይህ የመጨረሻው ሥራ ቶርኖ ባለበት እንጨት ቤት ቢሆን ይሻላል። ቶርኖ እንጨቱን ያሽከረክራል፤ ሠራተኛው ስለቱን ይደግንበታል። ስፌት ስንደዶው እየዞረ፣ አክርማው እየተጠቀለለበት በዙር በዙር ያድጋል። በእንጨቱም ላይ እንደዚያው ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ቀለበቶች ይወጡበታል። የአንዱ ቀለበት ወርድ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ 20 ቀለበት ይወጣል። በቀለበቶቹ መካከል ሽቦ ተወጥሮ ሲያዝ፣ ከመሽከርከሩ የተነሣ ይግልና መስመሩን አቃጥሎ ያጠቁረዋል። ሽቦውን በጣት አትጠምጥሙ! ጣት ይቆርጣል። ሁለት የእንጨት እጀታ አብጁለት።

አሁን ወደ ጌጡ እንምጣ። ትምህርት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ከወሎ መጥተው የሰፈሩ አንዲት እናት ክፍላችን ውስጥ ነበሩ። «እኔ ቁጥር የሚባል አይገባኝም» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ መሶብ ሲሰፉ አየሁ። «እማማ፣ ጌጡ ዞሮ ሲመጣ እንዴት ይገጥማል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ቆጥሬ ነዋ! ካልቆጠርኩማ ይበላሻል» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ለካስ ቁጥር የሚያውቁት እኔን ሳያዩ ነው!

በእንጨትም ላይ ቁጥር ነው የሚሠራው። ረጅም ወረቀት በገበቴው አፍ ዙሪያ አዙራችሁ ጫፍና ጫፉ ሲገጥም ቁረጡት። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ወረቀቱ 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። መጀመሪያ ሦስት እኩል እጠፉት። ከዚያ አራት ጊዜ በግማሽ በግማሹ እጠፉት፦ 6፣ 12፣ 24፣ 48። እያንዳንዱ ቤት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ምልክቱን በእርሳስ ወደ ገበቴው አዛውሩና ከአፍ እስከ መቀመጫ 48 መስመር አስምሩ። በጋለ ቀጭን ብረትም መስመሩን አቃጥሉ። ሰፊ ሴት ስፌቱ እየሰፋ ሲሄድ ትጨምራለች፤ በእንጨት ላይ ግን የቤቱ ቁጥር አይለወጥም፣ ወደ ታች ሲወርድ ቤቱ ይጠብባል።

8 ጌጥ ብትፈልጉ 48ን ለ8 አካፍሉ። ለእያንዳንዱ 6 ቤት ይደርሰዋል፣ ዞሮ ይገጥማል። 7 ጌጥ ብትፈልጉ ግን 6 ቤት ይተርፋል፣ ጌጡም አይገጥምም። የወራት ድካም በአንድ የማካፈል ስሕተት ይበላሻል ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ በደብተር ላይ ሥሩት። ቀለሙን በውጭ በኩል ብቻ ቀቡ፤ ምግብ የሚነካውን ውስጡን ዘይት ብቻ አጥግቡት።

ሁለት ነገር አደራ። ዋንዛ ቶሎ አይተካም፤ የወደቀውን ወይም የተመለመለውን ተጠቀሙ፣ ከደን ያለ ፈቃድ አትቁረጡ፣ በቆረጣችሁበትም ትከሉ። ሁለተኛ፣ ዕቃው ሲሸጥ ጌጡን ያስቆጠረችው ሴት ድርሻዋን ታግኝ። ጠራቢው እጁን ሰጥቷል፣ እሷም ቁጥሯን ሰጥታለች።

ጥያቄዎች

1. እርጥብ ገበቴ እሳት ዳር ቢቀመጥ ለምን ይሰነጠቃል?
2. 20 ቀለበትና በየቀለበቱ 48 ቤት ቢኖር፣ በጠቅላላው ስንት ቤት ይሆናል?
3. በ48 ቤት 12 ጌጥ ይገጥማል? 10ስ? ሠርታችሁ አሳዩ።
4. በሰፈራችሁ የምትሰፋ ሴት ጌጧን እንዴት እንደምትቆጥር ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።