ያገለገለ ውድ የሙዚቃ መሣሪያ ሲገዛ ሊመረመር የሚገባው

ዕቃ አዲስ በሆነ ጊዜ ለጥራቱ ዋስ የሚሆነው ፋብሪካው ነው፤ ያገለገለ በሆነ ጊዜ ግን ዋሱ የገዢው ምርመራ ብቻ ነው። አምኃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተማቸውን የመሰሉ የቀድሞ ሸክላዎች ዛሬም በሰብሳቢዎች ስለሚፈለጉ፣ ደኅና ማጫወቻ ገዢ አያጣም። ስለዚህ በደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ በኮምቦልቻ በዚህ ዕቃ ለመነገድ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመርምር።

አንደኛው የኤሌክትሪኩ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ያለው ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በአሜሪካ ግን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን፣ ብዙ የወሎ ሰዎች ለሥራ በሚሄዱባት በሳዑዲ ዐረቢያም 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ሞተሩ በኸርዝ ልክ የሚዞር አሮጌ ማጫወቻ ለ60 ኸርዝ የተሠራ እንደ ሆነ፣ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሶ መዞር ሲገባው እዚህ 28 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል፤ የዘፋኙም ድምፅ ወፍሮ ይጓተታል። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቴክኒክስ ኤስ.ኤል. 1200 የመሰለው ግን ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቈጣጠር፣ የሚታይለት ቮልቱ ብቻ ነው። ገዢው በሚገባ የሚያውቀውን ሸክላ ይዞ ይሂድ፤ ያንኑ ዘፈን በእጅ ስልኩ ካለው ጋር ቢያስተያይ ጕድለቱ ወዲያው ይገለጥለታል።

ሁለተኛው ዕድሜ የሚያመጣው ጕዳት ነው። በስፒከር ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ሳይሠራበት ቢቀመጥም እንኳ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ይፈረፈራል፤ ጎማ የሆነው ግን ረዘም ላለ ዘመን ይቈያል። ስለዚህ የፊቱን ጨርቅ አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል። ባለ 8 ኦም ስፒከር በመለኪያ ሲታይ 6 ኦም ያህል ቢያሳይ ደኅና ነው፤ ምንም ባያሳይ ግን ሽቦው ተበጥሷል ወይም ተቃጥሏል። አምፕሊፋየርም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ተከፍቶ ይደመጥ፤ ብዙ ጕድለት የሚታወቀው መሣሪያው ከሞቀ በኋላ ነውና።

ሦስተኛው እውነተኛው ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል 20,000 ብር የተጠየቀበት ማጫወቻ የ5,000 ብር መርፌና የ3,000 ብር ጥገና የሚያስፈልገው ቢሆን፣ ዋጋው 28,000 ብር መሆኑን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። መርፌው በገበያ የማይገኝ ከሆነ ግን ርካሽነቱ ትርፍ አይሆንም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በአቀበቱ ሲጫንም ሸክላው የሚቀመጥበት ሳሕን ወልቆ ለብቻው ይጠቅለል፤ ክንዱም ይታሰር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሳይመረምር የገዛ ነጋዴ የሚከስረው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የደንበኛውንም እምነት ነው።