ስለ ቡና ማጠቢያ ፍሳሽና ስለ ርዳታ ገንዘብ አያያዝ

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰናዳ ትምህርት

«ውኃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለዚህ ትምህርት መግቢያ ይሆናል። ውኃን ከጥሩ ለመቅዳት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ውኃው በምን ምክንያት እንደሚያድፍ ማወቅ ይገባዋል። የርዳታንም ነገር ከሥሩ ለመረዳት የሚሻ ሰው ገንዘቡ ከማን እንደ መጣ፥ ለምን እንደ ተሰጠ፥ በማንስ እጅ እንደሚጠበቅ መመርመር ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ነገሮች ባንድነት እንማራለን። ሁለቱ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ በዙሪያቸውም ባለው በቡና አገር ተገናኝተዋልና።

፩ኛ፤ ስለ አገሩና ስለ ሥራው

ሚዛን ተፈሪ፥ ዛሬ ከአማን ጋራ ተጣምሮ ሚዛን አማን የሚባለው ከተማ፥ በቤንች ሸኮ ዞን ይገኛል፤ ቴፒም በሸካ ዞን ነው። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። አገሩ ዝናም የማይጐድልበት፥ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፥ ወንዙም የበዛ ነው። በበበቃና በቴፒ ያሉት ሰፋፊ የቡና እርሻዎች በመላ ኢትዮጵያ የታወቁ ናቸው፤ ገበሬውም በየጓሮውና በየዛፉ ጥላ ሥር ቡና ያለማል። እንደ ጋጨብ ያሉት የዚህ አገር ወንዞች ወደ ምዕራብ ወርደው በመጨረሻ ከነጭ ዓባይ ጋራ ይገናኛሉ። እንግዲህ እኛ ያሳደፍነው ውኃ ከቀበሌያችን ሲወጣ የሚጠፋ አይደለም፤ ከበታቻችን የሚጠጣው ሌላ ሰው አለ።

ቡና በሁለት መንገድ ይሰናዳል። አንደኛው ከነልጣጩ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል የሚሆነው ነው። ሁለተኛው ቀይ እሸቱ እንደ ተለቀመ በመፈልፈያ ልጣጩ ተገፎ፥ በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ፥ በውኃም ታጥቦ የሚደርቀው ነው። መልካም ሆኖ የታጠበ ቡና በገበያ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ ብዙ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው መፈልፈያ ያቆማሉ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከትርፉ ጋራ አብሮ የሚወጣ ፍሳሽ አለ።

፪ኛ፤ ቡና የታጠበበት ውኃ የሚጐዳበት ምክንያት

«ቡና የሚጠጣ ነገር ነው፤ ቡና የታጠበበት ውኃ ምን ክፋት አለው?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ለዚህ መልሱ እንደሚከተለው ነው።

ከ100 ኪሎ እሸት 40 ኪሎ ያህል ልጣጭ ይወጣል፤ ለገበያ የሚደርሰው ንጹሕ ቡና ግን ከ16 እስከ 20 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በፍሬው ላይ ተለጥፎ የሚቀረው የሚያሙለጨልጭ ነገር ደግሞ ስኳር አለበት። ይህ ሁሉ በማጠቢያው ውኃ ይሟሟል። በቀድሞው ዐይነት መፈልፈያ ለአንድ ኪሎ እሸት ከ10 ሊትር የበለጠ ውኃ ሊፈስ ይችላል፤ ስለዚህ የፍሳሹ ብዛት እንደ ትንሽ ወንዝ ይሆናል።

በወንዝ ውስጥ ለዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። እነዚህ ነፍሳት ስኳሩን ባገኙ ጊዜ እጅግ ይበዛሉ፤ ሲበዙም በውኃው ውስጥ የተሟሟውን አየር ይጨርሱታል። ዓሣና ሌላውም የውኃ ፍጥረት የሚተነፍሰው በዚህ አየር ስለ ሆነ ይሞታል። አየሩ ካለቀ በኋላ ውኃው ይጠቁራል፥ ይኮመጥጣል፥ ይከረፋል። በጅማ አካባቢ ባለ መፈልፈያ አጠገብ ተደርጎ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2008 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎች የራስ ማዞር፥ የዐይንና የቈዳ ማቃጠል፥ የመተንፈስ ችግርና የሆድ ሕመም እንደሚያገኛቸው ተናግረዋል። ውኃን ማፍላት በሽታ አምጪውን ነፍሳት ይገድላል እንጂ የተሟሟውን እድፍ አያወጣውም።

ይህ ጕዳት የሚከፋበትም ወራት አለ። ቡና የሚለቀመውና የሚታጠበው አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የወንዙ ውኃ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ፍሳሹ ግን እየጨመረ ይመጣል። ብዙ እድፍ በጥቂት ውኃ ሲገባ የሚሆነውን ማንም ይረዳዋል።

፫ኛ፤ ፍሳሹ የሚነጻበት መንገድ

የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃውን ማሳነስ ነው። ውኃ የሚቈጥቡት አዲሶቹ መፈልፈያዎች ለአንድ ኪሎ እሸት 1 ሊትር ያህል ብቻ ይበቃቸዋል። የቀድሞው መፈልፈያ ያለው ማኅበርም ያንኑ ውኃ በወንፊት አጥልሎ ለመፈልፈል ደግሞ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሁለተኛው ልጣጩን ከውኃው ፈጥኖ መለየት ነው። ልጣጩ ከውኃ ርቆ ተከምሮ በበሰበሰ ጊዜ ለቡናና ለጓሮ ተክል መልካም ፍግ ይሆናል፤ በወንዝ ዳር የተጣለ እንደ ሆነ ግን በዝናም ታጥቦ ይገባል።

ሦስተኛው ፍሳሹ የሚያርፍበት ጕድጓድ ነው። በዚያም ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፤ የውኃውም መኮምጠጥ በኖራ ይበርዳል። አራተኛው ከጕድጓዱ የወጣው ውኃ በቬቲቨር ሣር መካከል በዝግታ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የዚህ ሣር ሥር ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ፥ እርስ በርሱም እንደ ወንፊት የተያያዘ ነው። ሥሩ እድፉን ይይዛል፤ በሥሩ ላይ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳትም ይበሉታል፤ የተረፈው ውኃ በመሬት ውስጥ ይሰርጋል። ነገር ግን ዝቃጩ በየጊዜው ካልተጠረገ፥ ሣሩም ካልታጨደና ከከብት ካልተጠበቀ፥ ይህ ሁሉ ሥራ ባንድ ዓመት ይበላሻል።

፬ኛ፤ ስለ ርዳታ ገንዘብ ሁለት ምሳሌዎች

ርዳታ ማለት የማይመለስ ስጦታ ነው፤ ብድር ግን የሚመለስ ነው። ስጦታ የሚሰጠው ሰው ራሱ ሊፈጽመው የሚከብደውን ነገር ለማስጀመር እንጂ ለዘላለም ለመኖሪያ አይደለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

የመጀመሪያው ምሳሌ ከአማራ ክልል ነው። ነገሩ ስለ መጠጥ ውኃና ስለ መጸዳጃ እንጂ ስለ ቡና አይደለም፤ ሆኖም የገንዘብን አያያዝ ያስተምረናል። የፊንላንድ መንግሥት በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1994 ጀምሮ በዚያ ክልል የገጠር ውኃና የንጽሕና ሥራን ይረዳ ነበር። በኋላም ገንዘቡን ለመሥሪያ ቤት ብቻ ከመስጠት ይልቅ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፥ ዛሬ ፀደይ ባንክ በተባለው፥ በኩል ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ በቀጥታ እንዲደርስ አደረገ። ሴቶችም ያሉበት ይህ ኮሚቴ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ዕቃውን ይገዛል፥ ግንበኛውን ይቀጥራል፥ ሒሳቡን ይጽፋል። ሕዝቡም የጕልበትና የገንዘብ መዋጮ ያደርጋል፤ ለጥገና የሚሆነውንም ያስቀምጣል። የወረዳው መሥሪያ ቤት ያሠለጥናል፥ ይቈጣጠራል። ይህ ሥርዓት ከ2011 ጀምሮ በፈረንጆች አቈጣጠር ወደ ሌሎች ክልሎች፥ ያን ጊዜ ደቡብ ይባል ወደ ነበረውም ክልል ተዘርግቷል። ገንዘብ ያዢው ሕዝቡ ራሱ ስለ ሆነ ሥራውን «የኛ ነው» ይለዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን ከጅማ አገር ነው፤ ነገሩም የራሱ የቡናው ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ለምሥራቅ አፍሪካ ቡና ገበሬዎች ማሠልጠኛ 47 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ለቴክኖሰርቭ ሰጠ፤ ሥራውም ኢትዮጵያን ጨመረ። በጅማ ዞን ገበሬዎቹ በማኅበር ተሰብስበው ውኃ የሚቈጥብ መፈልፈያ ማሠራትን፥ ሒሳብ መያዝን፥ ፍሳሹንም በቬቲቨር ሣር ማጣራትን ተማሩ። የመፈልፈያው ዋጋ ግን በስጦታ አልተከፈለም፤ ማኅበራቱ ከባንክ ተበድረው ከቡናው ሽያጭ የሚከፍሉት ነበር። በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ማኅበር በፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ሆኗል። ስጦታው ዕውቀትን አመጣ፤ ዕዳው ደግሞ ጥንቃቄን አስተማረ።

፭ኛ፤ ይህ ጸሐፊ ያየው

እኔ ይህን የምጽፈው ሰው በቡና አገር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል፥ በአንድ ቀበሌ ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ የሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። ሠልጣኞቹ ፈርመው አበላቸውን ተቀበሉ፤ ጕድጓዱ ተቈፈረ፥ ሣሩ ተተከለ፥ ፎቶግራፍም ተነሣ። «ሥራው ተፈጽሟል» የሚለውን መግለጫ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር ወር በዚያው በኩል ሳልፍ ጕድጓዱ በዝቃጭና በልጣጭ ሞልቶ፥ ሣሩን ከብት ግጦት፥ ፍሳሹም በጎን ጥሶ የትምህርት ቤቱ ልጆች ወደሚቀዱበት ምንጭ ሲወርድ አገኘሁት። ልጆቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ሌላ ምንጭ ፍለጋ ሽቅብ ስለሚወጡ የመጀመሪያው ትምህርት ያመልጣቸው ነበር። ከታናናሾቹም ሆዳቸውን ታመው የቀሩ እንዳሉ መምህራቸው ነገሩኝ። አንድ ሽማግሌ በመንገድ አግኝቼ «አባቴ፥ ይህን ጕድጓድ የሚጠርገው ማን ነው?» ብላቸው፥ «ልጄ፥ ጕድጓዱ የፕሮጀክቱ ነው፤ ፕሮጀክቱም ሄዷል» ሲሉ መለሱልኝ።

ሽማግሌው አልተሳሳቱም። በሦስቱ ቀን ሥልጠና ጕድጓዱ እንዴት እንደሚቈፈር ተነገረ እንጂ በየሳምንቱ ማን እንደሚጠርገው፥ ዋጋውም ከየት እንደሚከፈል አልተነገረም። እኔም «ተጀምሯል» ማለት ሲገባኝ «ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍሁ። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ዳግመኛ መጥቶ የሚያይ ሰው አልተላከም። ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ለተማሪዎቻችሁ ጽሕፈትን ስታስተምሩ ይህንንም አስተምሩ፤ ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚጽፍ ብዕር ውኃን እንደሚመርዝ።

፮ኛ፤ ርዳታ በመጣ ጊዜ ሊደረግ የሚገባው

ሽማግሎች ገንዘቡን ወይም አሠልጣኙን ከመቀበላቸው አስቀድሞ የሚከተለውን ይጠይቁ።

1. ገንዘቡ ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ለምን ለምንስ ሥራ ተወስኗል? የገንዘቡ ልክ በሕዝብ ፊት ይነበብ።

2. ከመፈልፈያው በታች የሚኖሩት ሰዎች፥ ይልቁንም ውኃ የሚቀዱት ሴቶች፥ በኮሚቴው ውስጥ አሉን? የጕዳቱን ቦታ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

3. ጕድጓዱ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ ነውን? ክረምት ሲመጣስ ጐርፍ አይገባበትምን?

4. ዝቃጩን የሚጠርገው ማን ነው? ስሙና ቀኑ በመዝገብ ይጻፍ፤ ለድካሙም ማኅበሩ ከቡናው ሽያጭ ጥቂት ይለይለት።

5. አሠልጣኙ ቡና በሚታጠብበት ወራት ተመልሶ ይመጣልን? በበጋ ደረቅ ጕድጓድ እያሳዩ ማስተማር ግማሽ ትምህርት ነው።

ደግሞም ሕግ እንዳለ ይታወቅ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ሽማግሎች አስቀድመው ከመፈልፈያው ባለቤት ጋራ በዕርቅ ይነጋገሩ፤ ያልሰማ እንደ ሆነ ነገሩን በጽሑፍ ለወረዳው ያስታውቁ።

፯ኛ፤ በትምህርት ቤት የሚሠራ

መምህሩ ሁለት ጠርሙሶች ያሰናዳ። በሁለቱም ንጹሕ የምንጭ ውኃ ይሙላ፤ በአንደኛው ብቻ አንድ እፍኝ የእሸት ቡና ልጣጭ ይጨምር። የሚብላላ ነገር አየር ስለሚያወጣ ክዳኑን አጥብቆ አይግጠመው። ከሦስት ቀን በኋላ ተማሪዎቹ የሁለቱን ቀለምና ሽታ ያስተያዩ፤ ማንም አይቅመስ፥ እጁንም ይታጠብ።

ከዚህ በኋላ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በየሳምንቱ አንድ ቀን መምህሩ ከታላላቆቹ ተማሪዎች ጋራ ወንዙን ከመፈልፈያው በላይና በታች ይመልከት፤ ቀኑን፥ የውኃውን ቀለምና ሽታ፥ ዓሣ መታየቱን ወይም አለመታየቱን በመዝገብ ይጻፍ። ይህ መዝገብ በሽማግሎች እጅ ሲገባ ከብዙ ክርክር ይልቅ ያስረዳል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ቡና የታጠበበት ውኃ ዓሣን የሚገድለው በምን ምክንያት ነው?

ለ. ጕዳቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለ ምን ይከፋል?

ሐ. ስጦታና ብድር በምን ይለያያሉ? በጅማ አገር ሁለቱ ባንድነት ምን ፍሬ አፈሩ?

መ. በቀበሌያችሁ ውኃ የምትቀዱበት ስፍራ ከመፈልፈያው በላይ ነው ወይስ በታች? ሥዕሉን ሥላችሁ አሳዩ።

እንግዲህ ቡናችን ታጥቦ ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ እድፉን ለልጆቻችን ትተን እንዳንገኝ እንጠንቀቅ። ርዳታ የሚሰጠን ሰው መንገዱን አሳይቶን ይመለሳል፤ ጕድጓዱ ግን በእኛ አገር ይቀራል፤ የሚጠርገውም የእኛ እጅ ነው።