የነገውን ሕዝብ ዛሬ ማስላት

ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። በ1999 የተመዘገበው ሕዝብ 73.75 ሚሊዮን ያህል ነበር። ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ከ1999 ወዲህ ስለ አገሪቱ ሕዝብ ብዛት የምንሰማቸው አኃዞች የስሌት ውጤቶች ናቸው። የትምህርት ቤት፣ የክትባትና የበጀት ዕቅድም በእነዚሁ ላይ ይመሠረታል። ለመሆኑ ስሌቱ እንዴት ይከናወናል?

ቀላሉ ዘዴ ሕዝቡን እንደ ባንክ ወለድ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መጠን ማሳደግ ነው። 73.75 ሚሊዮን ሕዝብ በዓመት 2.6 በመቶ ቢያድግ ከ20 ዓመት በኋላ 123.2 ሚሊዮን ይሆናል፤ በ2 በመቶ ቢያድግ ደግሞ 109.6 ሚሊዮን። የ0.6 ነጥብ ልዩነት የ13.6 ሚሊዮን ሰው ልዩነት አስከተለ ማለት ነው። ይህም አዲስ አበባ በ1999 ከነበራት ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል ነው።

ይሁንና አንድ የዕድገት መጠን የሕዝቡን ዕድሜ አያሳይም። ስለሆነም የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ሕዝቡን በጾታና በአምስት ዓመት የዕድሜ ክልል ይከፋፍሉታል። ከዚያም በሦስት ደረጃዎች ያሰላሉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ተባዝቶ ወደሚቀጥለው ዕድሜ ይሸጋገራል። ሁለተኛ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በየዕድሜያቸው የወሊድ መጠን ተባዝተው አዲስ የሚወለዱት ሕፃናት ይገኛሉ። ሦስተኛ፣ ከውጭ የገቡት ተደምረው የወጡት ይቀነሳሉ። ይህ ለእያንዳንዱ አምስት ዓመት ይደጋገማል።

አስቸጋሪው ነገር መጪውን የወሊድ መጠን ማወቅ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ የልጆች ቁጥር በ1997 ዓ.ም. 5.4፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 4.6 ነበር። ቅነሳው በምን ፍጥነት እንደሚቀጥል በእርግጠኝነት ማንም አያውቅም። በዚህ ጊዜ ሲሙሌሽን ይረዳናል፤ ኮምፒዩተሩ የወሊድና የሞት መጠንን በየጊዜው እየለዋወጠ ስሌቱን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደግማል። ውጤቱም አንድ ቁጥር ሳይሆን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ያለው ክልል ይሆናል።

በ1999 ቆጠራ 45 በመቶ ያህሉ ሕዝብ ከ15 ዓመት በታች ነበር። በመሆኑም እያንዳንዷ ሴት ወዲያውኑ ሁለት ልጅ ብቻ መውለድ ብትጀምር እንኳ የወደፊት እናቶች ቁጥር ብዙ ስለሆነ ሕዝቡ ለአሥርተ ዓመታት ማደጉን ይቀጥል ነበር።

እንግዲህ ትንበያ ትንቢት አይደለም፤ «እንዲህ ቢሆን እንዲህ ይሆናል» የሚል ስሌት ነው። መነሻው ቆጠራ በራቀ መጠንም ስሕተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ሞዴል የቱንም ያህል ቢራቀቅ ቆጠራን አይተካም። አንባቢም የሕዝብ ብዛት አኃዝ ሲያጋጥመው «በየትኛው ቆጠራና በየትኛው ታሳቢ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።