ሴፍቲኔት ገብቼ «ጥገኛ» ተባልኩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በሴፍቲኔት ታቅፌ ማለዳ መንገድ እጠርጋለሁ። የዕድር ሰዎች «የመንግሥት ጥገኛ» እያሉ ያሽሟጥጡኛል። ልተወው ይሆን?
እ. ከአራዳ

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ አይተዉት። ሐሜቱ በአብዛኛው አሠራሩን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው ይህ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለሚችል ሰው ገንዘብ በነጻ አይሰጥም፤ ሠርቶ ይከፈለዋል፣ ከክፍያውም 20 በመቶው በስሙ ይቆጠባል። ሳይሠሩ የሚደገፉት አቅም የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን ናቸው፤ እነሱንም ማማት ነውር ነው። ታዲያ መጥረጊያ ጨብጠው ያገኙትን ገንዘብ ምጽዋት የሚለው ማን ነው?

ከሐሜቱ ጀርባ ቅያሜም ሊኖር ይችላል። ምልመላው የሰፈር ሰዎች ባሉበት ኮሚቴ ስለሚካሄድ፣ ያልተመረጠ ጎረቤት ሆዱ ሊሻክር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ቅሬታውን ለወረዳው እንዲያቀርብ በትሕትና ይንገሩት፤ መብቱ ነው። ሽሙጡ ካልቆመ የዕድሩን ዳኛ ለብቻቸው ያነጋግሩ። የባለቤትዎ ሐዘን እንቅልፍ ከነሳዎት ወይም ሰው መሸሽ ከጀመሩ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ባለሙያ ያማክሩ።

ድጋፉ የጊዜ ገደብ ስላለው፣ ከዚያ በኋላ ስለሚሠሩት ሥራ ከአሁኑ ወረዳውን ይጠይቁ።